ዝናብ ሲጠፋ የመብራቱን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው ወፍጮ ቤት አላቸው። ባለቤታቸው ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ለሆቴሎች እንጀራ ይጋግራሉ። የላኩት ረዘም ያለ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይኼ ነው፦

«የእህቴ ልጅ ዳላስ ነው የሚኖረው። በ2013 የካቲት ላይ ቴክሳስ በብርድ ስትመታ፣ የሚያውቀው ሰው ለጥቂት ቀን መብራት ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተጠየቀ ብሎ አጫወተኝ። እኛም ጋ ከ2017 መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል። ሰፈር ውስጥ ‹ግድቡ ውኃ ስላነሰው ነው› ይባላል። አንድ ዓመት ዝናቡ ጨርሶ ቢከዳን፣ እንደ ቴክሳሱ ዘልሎ ይመጣብኛል ወይ? ካልመጣስ ማን ነው የሚከፍለው? ጄኔሬተር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

አጭሩን ላስቀድም። በአንድ ወር ውስጥ ቢልዎ ሠላሳ አርባ እጥፍ ሆኖ አይመጣም። በእኛ አገር አሠራር ዋጋው እንደዚያ የሚዘልበት በር የለም። ወጪው ግን የትም አይጠፋም። ከፊሉን እርስዎ በዚያው ሳምንት በናፍጣና በባከነ የሥራ ቀን ይከፍሉታል። ከፊሉን ደግሞ ሁላችንም ዓመታት ቆይቶ በታሪፍ፣ በግብርና በኑሮ ውድነት እንከፍለዋለን። ረጅሙ መልስ ይኸውልዎ። ዓመቶቹን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

የእህትዎ ልጅ የነገረዎት እውነት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደ እህል በረንዳ ይገበያያል። አመንጪው በጅምላ ያቀርባል፣ ቸርቻሪው ይገዛል፣ ዋጋው በደቂቃዎች ልዩነት ከፍና ዝቅ ይላል። ገበያውን የሚመራው ኤርኮት የሚባል ድርጅት ነው። በደህናው ጊዜ የአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት (ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው) የጅምላ ዋጋ ከ20 እስከ 30 ዶላር ገደማ ነበር። የተፈቀደው ጣሪያ ግን 9,000 ዶላር ነበር። በኪሎ ዋት ሰዓት 9 ዶላር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ የተቀመጠው «አንድ ቀን ዋጋ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ባለሀብት ተጨማሪ ማመንጫ ይሠራል» በሚል ስሌት ነው።

ከየካቲት 6 እስከ 10 ባሉት ቀናት ሁለት ነገር ባንዴ ሆነ። ሰው ሁሉ ማሞቂያውን ለኮሰ። በዚያው ሰዓት የጋዝ ጉድጓዱም፣ ቧንቧውም፣ ማመንጫውም በውርጩ ተያዘና ቆመ። አራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ቤትና ድርጅት ጨለመበት። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት የቆጠረው ሟች 246 ነው። ተቆጣጣሪው ኮሚሽንም ዋጋው ጣሪያው ላይ እንዲሰቀል አዘዘ፤ ዋጋ ሲጨምር ያለው ሁሉ ያመነጫል ብሎ። የቀዘቀዘ ቧንቧ ግን ዋጋ ስለተጨመረለት አይሞቅም። ዋጋው ለአራት ቀን ያህል እዚያው ቆየ። ገበያውን በገለልተኝነት የሚከታተለው ተቋም በኋላ ባወጣው ስሌት፣ ዋጋው ከሚገባው በላይ ከ30 ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ ተሰቅሎ ቀርቷል። ይኼም 16 ቢሊዮን ዶላር ያህል ትርፍ ክፍያ አምጥቷል።

እና ማን ከፈለ? ወሬው የተነዛው ግሪዲ ስለሚባለው ቸርቻሪ ደንበኞች ነው። ግሪዲ በወር 10 ዶላር ገደማ ይቀበልና ደንበኛውን የጅምላውን ዋጋ እንዳለ ያስከፍለው ነበር። በደጉ ቀን ርካሽ ነው። በክፉው ቀን ግን ከ16 ሺህ ዶላር በላይ የተጠየቀ ሰው ነበር። ደንበኞቹ 29 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። ድርጅቱ በወሩ ከሰረ፣ ያልተከፈለው ዕዳም ተሰረዘላቸው። ዛሬ እዚያ ቤተሰብን በጅምላ ዋጋ ማስከፈል በሕግ ተከልክሏል። ጣሪያውም ወደ 5,000 ዶላር ወርዷል።

የሚበዛው ሕዝብ ግን ቋሚ ዋጋ የተዋዋለ ስለነበር በዚያ ወር ቢሉ ላይ ምንም አላየም። ታዲያ ተረፈ? አልተረፈም። ልዩነቱን መጀመሪያ የተሸከሙት ቸርቻሪዎቹና የገጠር የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ናቸው። ከትልልቆቹ አንዱ ብራዞስ ለዚያች ሳምንት ብቻ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተጠይቆ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። ከዚያ ግዛቱ ሕግ አወጣና ዕዳው ወደ ቦንድ ተቀየረ። የጋዝ ኩባንያዎቹ ቦንድ ብቻ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይኼ ገንዘብ ለብዙ ዓመታት በየወሩ ሂሳብ ላይ በሳንቲም በሳንቲም እየተጨመረ ይከፈላል። በዚያች ሳምንት ያልተወለደ ልጅም አድጎ ቤት ሲይዝ ይከፍል ይሆናል።

የቴክሳሱን ያረዘምኩት ለዚህ ነው። በሺህ የሚቆጠረው ቢል ለወሬ ይመቻል እንጂ ከጠቅላላው ገንዘብ ትንሹ ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለፈው በዝግታ ነው። የእኛም የሚያልፈው እንዲሁ በዝግታ ነው።

እኛ ጋ ያ ገበያ የለም። የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያመጣው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከማከፋፈያ ጣቢያው ወዲህ ያለውን ምሰሶ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ የያዘው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። እስከ 2006 ድረስ ሁለቱ አንድ ነበሩ፤ ሰው አሁንም ሁለቱንም «መብራት ኃይል» ነው የሚላቸው። ታሪፉን ራሳቸው እንዳሻቸው አይወስኑትም። ይጠይቃሉ፣ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ያጠናዋል፣ መንግሥት ሲያጸድቀው ይሠራል። አንዴ ከጸደቀ በኋላ ጊቤ ግድብ ላይ ውኃው ሞልቶ ፈሰሰም፣ ጎደለም፣ የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ያው ነው። በዚያ ላይ ታሪፉ ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ ወፍጮና አዳማ ያለ ወፍጮ፣ ምድባቸው አንድ ከሆነ፣ የሚከፍሉት አንድ ነው።

ታሪፉ እንዴት እንደሚታሰር ማየት ከፈለጉ ከ1998 እስከ 2011 ያለውን ያስቡት። 12 ዓመት ያህል ምንም አልተነካም። ጤፍ በዚህ መሐል ስንት እጥፍ እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2011 ሲሻሻልም በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀመው ቤተሰብ በ27 ሳንቲሙ ቀጠለ።

በእነዚያ ዓመታት መሐል ድርቅ አልነበረም እንዳይሉኝ። በ2001 ግድቦቹ ሲጎድሉ አገሩ በፈረቃ ነበር፤ አንድ ቀን በርቶ አንድ ቀን ይጠፋ ነበር። በ2011 ግንቦት ላይም ግልገል ጊቤ 3 ውኃው ወርዶ 476 ሜጋ ዋት ጉድለት መጣ። ቤቶች በቀን አምስት ሰዓት ያህል በፈረቃ ጠፋባቸው፣ ከባድ ኢንዱስትሪዎችም በፕሮግራም እንዲሠሩ ተደረገ፣ ለጎረቤት አገር የሚሸጠውም ተቀነሰ። በሁለቱም ጊዜ ታሪፉ በድርቁ ምክንያት አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ፈረቃው ነው እንደ ዋጋ ሆኖ የሠራው። እጥረት ሲመጣ ወይ ዋጋ ይጨምርና ያልቻለ ይተዋል፣ ወይ ዋጋው ይታሰርና በተራ ይጠፋል። ሦስተኛ መንገድ እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ እርስዎ ግቢ እንግባ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው የማስቀምጣቸው፤ በራስዎ ይተኳቸው። የወፍጮዎ ዲናሞ (ሞተሩ) 15 ኪሎ ዋት ነው እንበል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ይሠራል። 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ታሪፍዎ 3 ብር ቢሆን 270 ብር ነው። መብራት ጠፍቶ ያንኑ ሥራ በጄኔሬተር ልሥራ ቢሉ፣ ደህና የናፍጣ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ያህል ይጠጣል። 27 ሊትር ናፍጣ ነው። ሊትሩን 120 ብር ብንይዘው 3,240 ብር። ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ የማሽኑ እርጅና አልተቆጠረም። ከ3 ብር ወደ 36 ብር፤ 12 እጥፍ።

ይኸውልዎ የእርስዎ የዋጋ ዝላይ። ቴክሳስ ቢሉ ላይ ይጻፋል፤ የእርስዎ ነዳጅ ማደያ ነው የሚከፈለው። ማንም አይመዘግበውም፣ ማንም ወደ ቦንድ ቀይሮ ለ20 ዓመት አያካፍልልዎትም።

ጄኔሬተር የሌለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ይከፍላል። ከአንጎለላ ወይም ከባሶ በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ ሳያስፈጭ ይመለሳል፤ ወይ ናፍጣ ወፍጮ ፈልጎ ጨምሮ ይከፍላል። ቡኮ ተቦክቶ መብራት ሲጠፋ እንጀራው ይኮመጥጣል፣ ሆቴሉ ከሌላ ይገዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። የታሰረ ታሪፍ ለድሃ ጥሩ ነው እንላለን፤ በደህናው ቀን እውነት ነው። በፈረቃ ጊዜ ግን ጉዳቱ የሚያርፈው መጠባበቂያ በሌለው ላይ ነው። ትልቁ ፋብሪካ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ወጪውን ዕቃው ላይ ይደምረዋል። እርስዎ የወፍጮውን ዋጋ በአንድ ቀን 12 እጥፍ አድርጌ ልጨምር ቢሉ ማን ይመጣልዎታል?

ድርቅን ትቼ ወደ ክረምት ስመጣ የባሰ ነው። ሰሜን ሸዋ መሬቱ ራሱ ለመስመር አይመችም። ከጣርማበር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ያለው ገደል፣ የጀማ ሸለቆ፣ የመንዝ ነፋስ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ምሰሶ ያዘማል፣ መብረቅ ትራንስፎርመር ይበላል። ምሰሶው ሲወድቅ የማቆሚያው ወጪ ለደብረ ሲና ሰው ተለይቶ አይጻፍበትም። ታሪፉ አንድ ስለሆነ ጅማም ሐዋሳም ያለው ይጋራዋል። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወጪው በየአካባቢው ይሁን ቢባል መሐል ሜዳ ያለ ሰው መብራት መግዛት ባልቻለ ነበር። የጥበቃው ጊዜ ግን አይካፈልም። የጥገና ቡድኑ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በሰዓታት ሊደርስ ይችላል። መንገዱ በጭቃ የተዘጋ ቀበሌ ግን ቀናት ይጠብቃል። የሽቦውን ዋጋ አገር ይከፍላል፣ የጨለማውን ዋጋ ሰፈሩ።

አሁን ሰፈር ውስጥ ወደሚባለው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ የሚመጣው ጭማሪ ከድርቅ ጋር አይገናኝም። ለአራት ዓመት ተከፋፍሎ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ክረምቱ ጥሩ ቢሆንም ይጨምራል፣ መጥፎ ቢሆንም ከተወሰነው በላይ አይዘልም። ምክንያቱ ዋጋው ለረጅም ዘመን ከወጪው በታች ተይዞ መቆየቱ ነው። ግድብ በብድር ይሠራል፤ ተርባይንና ትራንስፎርመር በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ሄደ። የመብራት ገቢው ግን በብር ነው።

ያ ጉድለት ታሪፍ በታሰረባቸው ዓመታት የት ነበር? ባንክ ውስጥ ነበር። ኃይል አመንጪው ድርጅት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲበደር ኖረ። መክፈል ሲያቅት በ2013 መንግሥት ዕዳና ሀብት የሚያስተዳድር ኮርፖሬሽን አቋቁሞ የትልልቆቹን የልማት ድርጅቶች ዕዳ ወደዚያ አዛወረ፤ የኤሌክትሪኩ ከትልቆቹ አንዱ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ዕዳው የመንግሥት ቦንድ ሆነ። በአማርኛ ስንናገረው ከፋዩ ግብር ከፋዩ ነው፤ ገንዘብ ታትሞ ከተሸፈነም ከፋዩ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ነው። ቴክሳስ ያደረገችውን እኛም አድርገናል፤ ልዩነቱ እነሱ አንድ መጥፎ ሳምንት ነበር የበተኑት፣ እኛ ደግሞ ብዙ ዓመት።

ከሁሉ ይበልጥ ከእኛ ጋር የምትመሳሰለው ግን ዛምቢያ ናት። እሷም እንደ እኛ በውኃ ላይ የተንጠለጠለች ናት። ባለፈው ከባድ ድርቅ የካሪባ ሐይቅ ወርዶ ሰው በቀን ከ17 ሰዓት በላይ ጨለማ ውስጥ ዋለ። መንግሥት ከጎረቤት አገር ኃይል በውድ ለመግዛት ወሰነና በ2017 ጥቅምት ላይ ለሦስት ወር የሚቆይ የአደጋ ጊዜ ታሪፍ ጸደቀ። ይኼ እንግዲህ እርስዎ የፈሩት ነገር ነው። ሕጋዊ መንገዱን ካየን እኛም ጋ ሊመጣ የማይችልበት ምክንያት የለም፤ መንግሥት ካጸደቀ ይሆናል። ቢመጣ ግን በውሳኔ ታውጆ ነው እንጂ ሌሊት ገበያ አውጥቶት አይደለም። ኖርዌይም ብትሆን ኃይሏ ከውኃ ነው፤ ደቡቧ ሲደርቅና የአውሮፓ ጋዝ ሲወደድ ዋጋው ጣሪያ ነካ። እሷ ግን ሀብታም ናት፤ በ2014 መጨረሻ ከተወሰነ ዋጋ በላይ ያለውን 90 በመቶ ለቤተሰቦች መንግሥት ከፈለ። ይኼን ለእኛ እንደ ምሳሌ የሚያነሳ ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም እላለሁ።

እኔ የምቀናው በኡራጓይ ነው። ትንሽ አገር ናት፣ እሷም በግድብ ነው የምትኖረው። ዝናብ ሲጠፋ ነዳጅ ገዝታ ታቃጥላለች፤ ነዳጁ ከተወደደ በጀቱ ይናጋል። በ2006 የመንግሥቷ የኤሌክትሪክ ድርጅት በዓለም ባንክ በኩል 450 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የዝናብ መድን ገባ። ዝናቡ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ካሳ ይከፈለዋል፤ ነዳጅ ደግሞ ውድ ከሆነ ካሳው ይጨምራል። አረቦኑ ርካሽ አይደለም። ግን በክፉው ዓመት ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ የተጻፈበት ወረቀት አለ። እኛ ለገበሬው ሰብል እንዲህ ያለ መድን ሞክረናል፤ ለግድብስ ለምን አይታሰብም? ጄኔሬተር ለወፍጮ ቤት ከማስገዛት ይልቅ እዚያ ላይ ቢታሰብ ደስ ይለኛል።

የሕዳሴ ግድብ ይኼን ሁሉ አልለወጠም ወይ ይሉ ይሆናል። ድርቁን በተመለከተ በደንብ ለውጧል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ነው። ጊቤ 3 ደግሞ 1,870 ነው። ከኃይሉ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ሐይቁ ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ ዓባይ በአማካይ ዓመት ከሚያመጣው ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ደረቅ ዓመት ብቻውን አያንበረክከውም፤ ካለፈው ዓመት የተረፈውን ይበላል። ሌላው፣ ዓባይና ኦሞ የተለያዩ ተፋሰሶች ናቸው። አንዱ ጋ ዝናብ ሲያጥር ሌላው ጋ ደህና ሊሆን ይችላል። በ2011 ግን ሸክሙ የወደቀው ጊቤ ላይ ነበር። ሁለት ሦስት መጥፎ ክረምት ቢደራረብ ሌላ ታሪክ ነው። የጣርማበርን ምሰሶ ደግሞ ግድቡ አያቆመውም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚያጨልመው አብዛኛውን ጊዜ የውኃ እጥረት ሳይሆን መስመሩና ትራንስፎርመሩ ነው፤ በዚህ ላይ ከእኔ ጋር የማይስማማ የመስመር ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

ታሪፉ ታስሮ ይቆይ ወይስ እንደ ገበያው ይሁን ብለው ቢጠይቁኝ፣ ለቤተሰብና ለትንሽ ነጋዴ ይታሰር እላለሁ። ማሞቂያውን ማጥፋት የማይችል ሰው ላይ ዋጋ መቆለል ቴክሳስ ላይ አንድም ቧንቧ አላቀለጠም። ነገር ግን በምትኩ ፈረቃ ከሆነ፣ ፈረቃው በጽሑፍ ይውጣ፣ ይከበርም። ማክሰኞ ከጧቱ 2 እስከ 7 ሰዓት እንደሚጠፋ ያወቀ ባለ ወፍጮ ደንበኛውን ረቡዕ ይቀጥራል፤ ባለቤትዎም ቡኮውን ለከሰዓት ያደርሱታል። ሳይታወቅ ጠፋ መጣ ሲል ግን ያው አምስት ሰዓት ሙሉ ቀን ይበላል። ይኼ ግድብ አይጠይቅም፣ ዶላር አይጠይቅም። አንድ ወረቀትና ቃል መጠበቅ ነው።

ጥያቄዎ ውስጥ ያልነበሩ፣ ግን ኪስዎን የሚነኩ ነገሮችም አሉ። ሰው «ቢሌ በአንድ ጊዜ ዘለለ» ሲለኝ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቆጣሪው ለወራት ሳይነበብ ተጠራቅሞ መቆየቱ ነው። ቢሉ ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ አለ። ልዩነቱን ከቆጣሪው ጋር በዓይንዎ ያመሳክሩ። ለመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ይኼ ክፉ ነው፤ የሦስት ወሩ እንደ አንድ ወር ከተቆጠረ ወደ ውዱ እርከን ይገፋዎታል። በየወሩ መጨረሻ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ክርክር ሲመጣ እሱ ነው የሚያግዝዎ። ወፍጮውና መጋገሪያው በምን ምድብ እንደተመዘገቡም ይዩ። ለኢንዱስትሪ ምድብ ከተጠቀሙት ኪሎ ዋት ሰዓት ሌላ በከፍተኛ ጭነት የሚሰላ ክፍያ አለ። ዲናሞውንና ሦስቱን ምጣድ ባንዴ ከለኮሱ 25 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። መጋገሩን ወደ ንጋት ቢያመጡት ጭነቱም ይቀንሳል፣ ከምሽቱ የቮልቴጅ መውረድም ይተርፋሉ።

ከሆቴሎቹ ጋር የጽሑፍ ውል ካለ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። ብዙ ሰው መብራት ከጠፋ «ከአቅም በላይ ነው» ብሎ ነፃ የሚወጣ ይመስለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 ግን አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል፣ ፈጽሞም የሚያግድ ነገር ነው የሚለው። መብረቅና ጎርፍ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ተጠቅሰዋል። ተራ የመብራት መጥፋት ግን እኛ አገር ሊታሰብ የማይችል ነው ብሎ ዳኛ ማሳመን ከባድ ይመስለኛል። «መብራት ከዚህን ያህል ሰዓት በላይ ከጠፋ የዕለቱ አቅርቦት በዚህን ያህል ይቀንሳል» ብሎ መጻፍ ይሻላል። አጻጻፉን ጠበቃ ይይልዎት፤ እኔ የሽቦ ሰው ነኝ።

ጄኔሬተሩን በተመለከተ። ለእንጀራው ብለው አይግዙ። ምጣድ በናፍጣ ማሞቅ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ባለቤትዎ አንድ ሁለት ‹ምርጥ› የሚባለውን እንጨት ቆጣቢ ምድጃ በመጠባበቂያ ይያዙ፤ ኩበቱም ባሕር ዛፉም እዚያው አለ። ለወፍጮው ግን መጀመሪያ ዲናሞዎ በሰዓት ስንት ኩንታል እንደሚፈጭ ይለኩ። ሦስት ኩንታል ከሆነ፣ ባለፈው ስሌት አንድ ኩንታል በጄኔሬተር 180 ብር ናፍጣ ይበላል፤ በመብራት ግን 15 ብር። ለአንድ ኩንታል የሚያስከፍሉት ከ180 ብር ብዙም ካልበለጠ፣ ጄኔሬተሩ ደንበኛ እንዳይሸሽ ነው እንጂ ለትርፍ አይሆንም። ሁለት ሦስት ባለ ወፍጮ ሆናችሁ ብትገዙትና በተራ ብትጠቀሙ ስሌቱ ይሻሻላል።

እገዛለሁ ካሉ ሻጩ የማይነግርዎትን ልንገርዎ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከ1,000 ሜትር በኋላ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አንድ አምስተኛ ገደማ ጠፋ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ 40 ኪሎ ዋት የተጻፈበት እርስዎ ጋ 33 ቢሰጥ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ዘመድዎ «ያንኑ ማሽን ነው የምጠቀመው፣ ደህና ይሠራል» ቢልዎ እሱ ቆላ ነው ያለው። በዚያ ላይ ዲናሞ ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል። ስታር ዴልታ የሚባለው፣ ዲናሞውን ለስለስ አድርጎ የሚያስነሳው ማስነሻ ካለው ወደ ሲሶው ይወርዳል። ማስነሻው በቀጥታ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያስቀይሩ፤ ከዚያ ጄኔሬተሩን በራስዎ ዲናሞ፣ ጭነት ላይ፣ ሲነሳ ሳያዩ ገንዘብ እንዳይከፍሉ።